የግንቧ ሴትዮና የሐጂ ነጭ ሙክት

ስሟን ማንም አልጻፈውም። የጦር አለቃው ስም አለ፣ ያመፀው ሰውዬ ስም አለ፣ የአባቱ ስም ሳይቀር አለ። ከተማዋን ያዳነችው ሴት ግን «አንዲት ብልህ ሴት» ተብላ ብቻ ታልፋለች። ሰንበት ትምህርት ቤት ዲያቆኑ መምህራችን ከእስራኤል ጦርነቶች ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ታሪክ በዕጣ ሲያድለን ለእኔ የደረሰችኝ እሷ ናት። ለጓደኛዬ የሻገተ እንጀራና ያለቀ ጫማ ይዘው መጥተው፣ «ከሩቅ አገር ነን፤ ቃል ግቡልን» ብለው እስራኤልን ያታለሉት ሰዎች ደረሷትና ቅናት ያዘኝ። የእሷ ያስቃል። የእኔዋ ምዕራፉ መጨረሻ ላይ ብቅ ብላ፣ ተናግራ፣ ትጠፋለች።

«ከእሷ ጋር ብንቀያየርስ?» አልኩት ዲያቆኑን።

«ዕጣ አይቀየርም። ደግሞ አንቺ አፍ አለሽ፤ እሷም አፍ ነበራት።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ቤት ገብቼ ሳነባት ግን ወደድኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በንጉሥ ዳዊት ላይ አንድ ሰው ያምፃል። ሲያቅተው ይሸሽና በግንብ የታጠረች ከተማ ውስጥ ይገባል። የንጉሡ የጦር አለቃ ተከትሎት ይመጣል፤ ከተማዋን ይከባል፣ አፈር ይከምርባታል፣ ግንቡን ለመናድ መደብደብ ይጀምራል። ውስጥ ያሉት ሰዎች ምንም አላደረጉም። በር ዘግተው ግንባቸው ሲደበደብ መስማት ነው ሥራቸው። ያኔ ሴትዮዋ ግንቡ ላይ ትወጣና የጦር አለቃውን ትጣራለች፤ ቀረብ በል፣ ላናግርህ። ይቀርባል። ምን ፈልገህ ነው ትለዋለች። ከተማውን አልፈልግም፣ የምፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው ይላታል። እሷም ገብታ ሕዝቧን ትመክራለች። የሰውዬው ራስ በግንቡ ላይ ይወረወራል። መለከት ይነፋል፣ ጦሩም ወደየቤቱ ይሄዳል።

የተወረወረው ራስ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ከደንኩት። ከተማው ዳነ ብዬ ልደሰት ወይስ ልዘን? ለዲያቆኑ ይህንኑ ስነግረው፣ «እሱን ነው የምታስቢበት። እሑድ ትነግሪናለሽ» አለኝና ሄደ።

በዚያው ሳምንት መንገድ ተዘጋ።

ከሚሴ መንገዱን ተከትላ የተዘረጋች ከተማ ስለሆነች፣ መንገድ ሲዘጋ የምትተነፍስበት የላትም። ወደ ደሴ የለ፣ ወደ አዲስ አበባ የለ። ሲኖትራኮቹ ተሰልፈው ይቆማሉ፣ ሾፌሮቹ ጥላቸው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ይተኛሉ፣ ኔትወርክ ይጠፋል። ሙቀቱ ብቻ እንደ ልቡ ይመላለሳል። የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ከደጋ ሊጠይቀን መጥቶ ነበርና እኛው ጋ ቀረ።

የምንኖረው ሐጂ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። እኔ የተወለድኩት እዚያ ቤት ነው። በእነሱ ቤትና በእኛ መካከል ደረቴ ድረስ የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለ፤ ካቡ መሀል ላይ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት፣ ክፍተቱ አጠገብ የሎሚ ዛፍ። የውጭው በርም፣ የውሃው ቧንቧም ያሉት በእነሱ በኩል ነው። ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋና ተኩስ ሲሰማ ፍራሻችንን ጎትተን የምንገባው ሐጂ ሳሎን ነበር። ባለቤታቸው፣ ሁላችንም አዮ የምንላቸው፣ እኔን ከጎናቸው ሸጉጠው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ፤ እማዬ በዚያ በኩል «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ትላለች። መሀል ሆኜ ሁለቱንም መስማት ለእኔ እንቅልፍ ነበር።

የሥጋችን ነገር ግን የታወቀ ነው። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። ስለዚህ በየአረፋው ሐጂ ለእኛ በግ ከነነፍሱ ይሰጡናል፤ እኛም ለፋሲካ ዶሮ ከነነፍሷ በካቡ እናሻግራለን። ሁሉም በየራሱ ቢላዋ፣ በየራሱ ጸሎት።

ዘንድሮም በአረፋ ዋዜማ ሐጂ ሎሚው ሥር ሁለት በግ አሰሩ። ነጩ ሙክት የራሳቸው የእርድ በግ ነው፤ አዮ ፉርሽካ በእጃቸው ሲያጎርሱት ነው የከረሙት፣ ጅራቱ ብቻ ትራስ ያህላል። ቀጠን ያለው ቀዩ የእኛ ነው። እማዬ አመሻሽ ላይ ለአጎቴ፣ «የኛ በግ ሎሚው ሥር ነው። ነገ ታርድልናለህ» አለችው። የትኛው እንደሆነ አልነገረችውም። በእኛ ግቢ ይሄ አይነገርማ! ሎሚው ሥር ሁለት በግ ከቆመ፣ አንዱ የእነሱ አንዱ የእኛ መሆኑን ድመቷም ታውቃለች።

አጎቴ ድመቷ የምታውቀውን አያውቅም። እሱ ያደገበት መንደር ቤቱ ሁሉ በአንድ ጸሎት ነው የሚያርደው።

በአረፋ ጠዋት እነ ሐጂ ከነልጆቻቸው ነጭ በነጭ ለብሰው ሜዳው ላይ ለሚሰገደው ሶላት ወጡ። ተክቢራው ከሩቅ ይሰማል። አጎቴ ሊያስደስተን አስቦ ማንንም ሳይቀሰቅስ ተነሳ። እኔ ጥርሴን እየፋቅኩ ብቅ ስል ነጩ ሙክት ከማድቤታችን አግዳሚ ላይ ተሰቅሎ ቆዳው እስከ ትከሻው ወርዷል።

«አጎቴ… ይሄ እኮ የሐጂ ነው።»

«ወግጂ! እናትሽ የኛ ሎሚው ሥር ነው አላለችም?»

«ቀዩን ነዋ!»

«ሁለቱም የኛ ናቸው ብዬ እኮ ነው። ታዲያ ትልቁ እያለ ትንሹን ማን ያርዳል?»

እማዬ የሽንኩርት ቢላዋ እንደያዘች ወጣች። «አንተ! ሁለት በግ የሚያርድ ሀብታም ቤት የመጣህ መሰለህ?» ብላ ልትስቅ ነበር፤ ነጩን ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ወዲያው የውጭው በር ተከፈተ።

ሐጂ ከፊት ነበሩ። ካቡ ጋ መጥተው ቆሙ። የተሰቀለውን አዩ፣ ሎሚው ሥር የቀረውን ቀይ በግ አዩ። አጎቴ የእጁን ደም ሳይታጠብ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቷል።

«ያረደው ሰውዬ የት አለ?» አሉ።

አባዬ በፒጃማው ወጥቶ ክፍተቱ ላይ ቆመ። «እኔ አለሁ ሐጂ። የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

ሐጂ አባዬን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እሺ» ብለው ገቡ። ዓመት እስከ ዓመት ተዘግቶ የማያውቀው በራቸው ተዘጋ። አዮ እንኳ ወደ እኔ አላዩም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። ሁለት ክፍል ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ቆርቆሮው ጠሽ ጠሽ ይላል። አባዬ «ማንም በእነሱ በኩል እንዳያልፍ፤ ዓይን ለዓይን መገጣጠም የለብንም» ብሎ አዘዘ። በእነሱ በኩል ካላለፍን ደግሞ መውጫ የለንም። ውሃም የለንም። አጎቴ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቶ ጣሪያ ያያል። ሥጋውን የሚበላ ጠፋ፤ እማዬ እንዳይበላሽ ቋንጣ አድርጋ ክፍላችን ውስጥ በሲባጎ ሰቀለችው። ነጩ ሙክት ከራሳችን በላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቀን ጀመር። ብንነሳ ግንባራችንን ይነካናል።

«ቤት ልቀቁ ነው የሚሉን» አለች እማዬ፤ ልብስ ማጣጠፍ ጀምራለች። «መንገድ ተዘግቶ የት እንደምንሄድ እንጃ። በዚህ ጊዜ እኛን ማን ያከራየናል?»

«ሽማግሌ እንላክ» አለ አባዬ።

«በአረፋ ቀን ሽማግሌው ሁሉ በየቤቱ በግ ገፍፎ! ደግሞ በየትኛው በር ወጥተህ ነው የምትልከው?»

«በግ ገዝተን እንተካላቸው» አለ አጎቴ ከመጋረጃው ጀርባ።

«አንተ ዝም በል። ጨፋ ሮቢት ገበያ አልቆመ፣ ከባቲ የሚመጣ በግ የለ። ከየት ነው የምትገዛው፣ ከሲኖትራክ ሾፌር?»

«ቀዩ አለ አይደል እንዴ?» አልኩ እኔ። «እሱን እንስጣቸው፤ የአረፋ እርድ እንደሆነ ነገም ከነገ ወዲያም ይሆናል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

እማዬ ልብሱን ወረወረችው። «የሰጡንን? ስጦታችሁን አንፈልግም ብለን መልሰን በካቡ ላይ እንጣልላቸው? ያኔ በቃ አለቀልን።»

ሐጂም እንደማይጠይቁ ሁላችንም እናውቃለን። አንዴ የሰጡትን መልሶ መውሰድ በእነሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። እኛ መስጠት አንችልም፣ እነሱ መጠየቅ አይችሉም። ቀዩ በግ የማንም ሳይሆን ሎሚው ሥር ቆሞ ያመነዥካል።

መጽሐፉን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሌላ መሄጃ አልነበረኝማ። «አንድ ሰው ብቻ ነው የምፈልገው» የሚለው ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። የሐጂ ጥያቄ! ያረደው ሰውዬ የት አለ። ቀና ብዬ መጋረጃውን አየሁ፤ የአጎቴ ባዶ እግር ከሥሩ ይታያል።

«አባዬ፣ ሐጂ አጎቴን ብቻ ነው የፈለጉት። ቢወጣላቸውስ?»

«እንግዳ ተላልፎ አይሰጥም!» አባዬ እንዲህ ጮክ ብሎ ተናግሮኝ አያውቅም። «ቤቴ የገባን ሰው እኔ ሳለሁ ማንም አይነካውም።»

«እኔ እኮ…» አለ አጎቴ።

«አንተ ዝም በል» አሉት ሁለቱም።

አባዬ ልክ ነው፤ እኔም ራስ በካብ ላይ ሲወረወር ማየት አልፈልግም። ግን አንድ ነገር አልተወኝም። ዲያቆኑ ከዚህ በፊት ሲያስተምረን፣ በእስራኤል ሕግ ጦር ወደ ከተማ ሲቀርብ ድንጋይ ከማንሳቱ በፊት በሰላም መጣራት አለበት ብሎን ነበር። የጦር አለቃው አልተጣራም፤ ዝም ብሎ ግንብ መደብደብ ጀመረ። የተጣራችው ከውስጥ ያለችው ናት። መጣራት የነበረበት ዝም ሲል፣ የተከበበችው ተጣራች። ከእኛ ግቢ ደግሞ ማንም አልተጣራም። ማንም ሐጂን «ሰውዬውን ለምንድነው የፈለጉት?» ብሎ አልጠየቃቸውም። ሁላችንም መልሱን እናውቃለን ብለን በር ዘጋን።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ውሃ መጣች። በፈረቃ ነው የምትመጣው፤ ዛሬ ካለፈች መቼ እንደምትመለስ እሷው ናት የምታውቀው። ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ከዚያ የአዮ ጀሪካን ውስጥ ዱብ ዱብ ይላል። በእኛ በኩል ጀሪካኖቹ ደረቅ ናቸው። እማዬ ድምፁን እየሰማች ከንፈሯን ነከሰች፣ አባዬ ጋደም ብሏል። እኔ አንድ ጀሪካን አነሳሁ።

ክፍተቱን አላለፍኩም። ትእዛዙ «እንዳታልፉ» ነው፤ ካቡ ላይ መውጣትን አይጨምርም። ካቡ ላይ ወጣሁ።

«አዮ!»

የውሃው ድምፅ ጥሪዬን ዋጠው።

«አዮ፣ ይምጡ እስቲ፣ ላናግርዎ!» ጀሪካኑን ደረቴ ላይ አቅፌ ጮኽኩ። ደግሞም በውስጤ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ልክ እንደ እሷ፣ ግንብ ላይ።

አዮ ቀና አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ውረጂ፤ ትሰበሪያለሽ። ድንጋዩ ላይ ምን አወጣሽ?»

«መጀመሪያ ልጠይቅዎ። ሐጂ አጎቴን ለምን ነበር የፈለጉት?»

«እሱን እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ሐጂ ራሳቸው አፍ አላቸው።» ወደ ቤት ዞረው በኦሮምኛ ተጣሩ። «ኮቱ! ይቺን ልጅ ስሟት፤ ካቡ ላይ ቆማ ትፈርድብናለች።»

ሐጂ ወጡ። አንዴ ካቡ ላይ ከወጡ በኋላ መውረድ አይቻልም።

«ሐጂ፣ አጎቴን ምን ሊያደርጉት ነበር?»

«ልቆጣው ነበራ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ልተወው። እንግዳ ነው፣ አላወቀም። ምን ላደርገው ኖሯል? ግን ሰው የሚቆጣውን ሲያጣ ቁጣው እቤቱ ይገባል። አባትሽ ደግሞ እንደ ዘበኛ መጣብኝ። ጎረቤቴ ነው፣ ስንት ጊዜ አብረን በአንድ ሳሎን ያደርን ሰዎች፣ እጄን የማነሳበት መስሎት! ሱብሃን አላህ! እኔን እሱ ነው ያናደደኝ እንጂ በጉስ ሩሑ ወጣ፣ አለቀ።»

«ቤት ልቀቁ ሊሉን ነው?»

ሐጂ አዮን አዩ፣ አዮ ሐጂን አዩ። «ማን ነው ይሄን ያወራው?» አሉ አዮ። «እናትሽ? ልብስ ማጣጠፏን ትተው፤ ከዚህ በመስኮት ትታየኛለች። እኔ የተኮራረፈች ጊዜ ሁሉ የምታጣጥፍ መስሎኝ!»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። አንድ ነገር ቀርቷል። «አዮ፣ እርስዎ ሻሽ ቢሰጡኝ፣ እኔ ደግሞ ሻሹን ለጓደኛዬ ብሰጣት ይከፋዎታል?»

«ምን ያስከፋኛል፣ ያንቺ ነው።»

«ጓደኛዬስ ለሌላ ሰው ብትሰጥ?»

«የሷ ነው።»

«ያ ሌላ ሰው እርስዎ ቢሆኑስ?»

አዮ ጀሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ እንኳ አላዩትም። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ከዚያ ወደ ቀዩ በግ ዞሩና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሐጂ አልሳቁም፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ኮፊያቸውን አስተካከሉ። «ስጦታ እንደሆነ» አሉ ወደ ሰማይ እያዩ፣ «እንግዳ ያመጣውን መመለስም ነውር ነው።»

ዘልዬ ወረድኩና በሩጫ ገባሁ። «አጎቴ፣ ሐጂ ሊቆጡህ ይፈልጋሉ!»

መጋረጃው ተከፈተ። «ብቻ?»

«ብቻ።»

አባዬ ብድግ አለ። «አልኩ እኮ፣ ማንም…»

«ወንድሜ» አለው አጎቴ፣ ሱሪውን እያራገፈ፣ «አንተ አላስረከብከኝም። እኔ ነኝ የምወጣው። ከትናንት ጀምሮ ይሄን ልናገር አፌን ስከፍት ዝም በል ትሉኛላችሁ።»

ስለ በጉ የነገርኳት ጊዜ እማዬ ዓይኗን አጠበበች፣ ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ትከሻዋ ጣለችና ወጥታ የቀዩን በግ ገመድ ፈታች። ለወንድሟ አስያዘችው። «ያንተ ነው። እኅትህ ሰጠችህ። ሰማችሁ ሁላችሁ? ሰጥቼዋለሁ።»

አጎቴ በጉን ስቦ ክፍተቱን አለፈ። እኛ ከኋላው። ሐጂ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

«አንተ ሰውዬ! ዓይንህን ደጋ ጥለኸው ነው የመጣህ? ያ ሙክት እኮ ነው! ሴትዮዋ ለእኔ ሳታጎርስ እሱን አጉርሳ ያሳደገችው! አትጠይቅም? የማን ነው አይባልም? ያገኙት በግ ላይ ሁሉ ቢላዋ ይዞ መነሳት ነው?»

«ጥፋተኛ ነኝ ሐጂ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም! በአረፋ! ከሶላት ስመለስ! ልጆቼ ፊት!» ትንሽ አሰቡ፤ ሌላ የሚጨመር የፈለጉ ይመስላሉ። «ጅራቱ ራሱ!» አሉና ላባቸውን ጠረጉ። «በቃ። ጨረስኩ። ናጋ ነው፤ ሰላም ነው።» ከዚያ አባዬን አዩ። «አንተን ደግሞ ሌላ ቀን።»

አባዬ እጃቸውን ያዘ፣ ትከሻ ለትከሻ ተገጫጩ፣ ተለያይተው እንደገና ተገጫጩ።

«ይሄን በግ ተቀበሉኝ» አለ አጎቴ። «የኔ ስጦታ ነው።»

ሐጂ በጉን ዞረው አዩት፤ ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ጀርባውን ዳሰሱ፤ አይተውት እንደማያውቁ። «ማሻ አላህ! እንዲህ ያለ ጎበዝ በግ ከየት አመጣኸው?»

አዮ ካቡን ተደግፈው በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይርገፈገፋል።

በጉ ሲታረድ አጎቴ እግሩን ያዘ። «እግሩን ብቻ» አሉት ሐጂ፣ «ቢላዋዋን በዓይንህም እንዳትነካት።» ቢስሚላህ አሉ። እኛ ዞር አልን፤ ለእኛ የሚሆን ሥጋ አልነበረም፣ እኛ ቋንጣችን አለን። አዮ ግን ቧንቧውን ለእማዬ ለቀቁላት፤ ጀሪካኖቻችን ሁሉ ሞሉ።

እሑድ ካቴድራል የሚያህል ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስቆም ግማሹ ጠፋኝ። የቀረልኝን ተናገርኩ። ሴትዮዋ ከጦሩና ከመለከቱ የበለጠ ሥራ የሠራችው አንድ ጥያቄ ስለጠየቀች ነው አልኩ፤ እግዚአብሔር በዚያች ጥያቄ ከተማ አተረፈ። ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷታል። የተደበቀውን ሰውዬ ማንም «አንተ ራስህ ትወጣለህ ወይ?» ብሎ እንደጠየቀው አልተጻፈም።

«ቢጠይቁትስ? የጦር አለቃው አይምረውም» አለኝ አንዱ ልጅ። «አይወጣም ነበር።»

«ሊሆን ይችላል። አላውቅም» አልኩ። «እኛ ቤት ግን ወጥቷል።»

ዲያቆኑ ሌላ ጥያቄ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «በጉስ?» አለኝ፤ ከሚሴ ውስጥ ወሬ መንገድ አይዘጋበትም ለካ።

መንገዱ ይህን ስጽፍም አልተከፈተም። ሲኖትራኮቹ አሉ፣ ቆርቆሮው ጠሽ ጠሽ ይላል፣ አጎቴም አለ። ዛሬ ጠዋት ለሻዩ ሎሚ ሊቆርጥ ወጥቶ ዛፉ ሥር ብዙ ጊዜ ቆመ። ከዚያ በካቡ ላይ አንገቱን አስግጎ ጮኸ።

«አዮ! ይሄ ሎሚ የማን ነው?»

«የአላህ ነው!» አሉት አዮ ከውስጥ። «ቁረጥና ለእኛም ሁለት ወርውር።»